ለምናባዊ ልቦለድ ክፍት ፍጻሜ እንዴት ይጻፋል?

እንግሊዛዊው ገጣሚ ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው የሂስ መጽሐፍ፣ አንባቢ የማይሆን ነገር ሲነገረው ጥርጣሬውን በገዛ ፈቃዱ ለጊዜው ገታ እንደሚያደርግ ጽፎ ነበር። ይህን ፈቃድ የሰጠ አንባቢ መጨረሻው ላይ መልስ ሲያጣ እንደተታለለ የሚሰማው፣ ደራሲው ክፍት መተው የሌለበትን ነገር ክፍት ሲተው ነው።

1. የታሪክዎን ዓለም ሕግ አስቀድመው ይወስኑ። የማይሆነው ነገር አንድ ብቻ ቢሆን ይመረጣል፤ ለምሳሌ የሙታን ድምፅ የሚሰማበት ጉድጓድ አለ እንበል። የሰማ ሰው ግን ከትዝታዎቹ አንዱን ያጣል።

2. ሕጉን ከማብራራት ይልቅ በድርጊት ያሳዩ። የጉድጓዱ አፍ ድንጋይ በብዙ ሰው ክርን ተሸርሽሮ ቢታይ፣ ከዚያ የተመለሰ ጎረቤት ደግሞ የልጁን ስም ለመጥራት አፉን ከፍቶ ዝም ቢል፣ አንባቢው ያለ ማብራሪያ ያምናል። ይህን ከታሪኩ ጡዘት በፊት ማድረግ ግዴታ ነው፤ ዘግይቶ የመጣ ሕግ ደራሲው ከጭንቅ ለመውጣት የፈጠረው ይመስላልና።

3. ክፍት የሚተዉትን ጥያቄ ይምረጡ። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። አሜሪካዊው ፍራንክ ስቶክተን እ.ኤ.አ. በ1882 ባሳተመው «ሴትየዋ ወይስ ነብሩ?» በተሰኘው አጭር ልቦለድ፣ ለፍርድ የቀረበ ሰው ከሁለት በሮች አንዱን ከፍቶ ወይ የሚያገባትን ሴት ወይ የሚበላውን ነብር ያገኛል፤ ከበሮቹ በስተጀርባ ምን እንዳለ የምታውቀው ልዕልት ለተከሰሰው ፍቅረኛዋ ወደ ቀኙ በር ታመለክተዋለች፤ እሱም ይከፍተዋል፤ ታሪኩ ግን ምን እንደወጣ ሳይነግረን በጥያቄ ያበቃል። የፍርዱ ሥርዓት፣ የልዕልቲቱ ዕውቀትና የእጇ ምልክት ሁሉ ተነግረውናል፤ የተሰወረው ፍቅሯና ቅናቷ ከተሟገቱበት ልቧ የወጣው ውሳኔ ብቻ ነው። እርስዎም የዓለሙን አሠራር ዘግተው የሰውን ምርጫ ክፍት ይተዉ። ጉድጓዱ በእርግጥ ይናገር እንደሆነ አንባቢው እስከ መጨረሻው ካላወቀ፣ ወደዚያ የመጣች አንዲት እናት የሟች ልጇን ድምፅ ለመስማት ስታመነታ የምትከፍለው ዋጋ አይታየውም።

4. ሁለቱንም መጨረሻዎች ለራስዎ ጽፈው ይፈትኗቸው። እናቲቱ ድምፁን የምትሰማበትም፣ ሳትሰማ የምትመለስበትም መጨረሻ ቀደም ሲል ከጻፏቸው ትዕይንቶች ማስረጃ ማግኘት አለበት፤ አንደኛው ማስረጃ ካጣ ጥያቄው የይስሙላ ስለሆነ፣ ወደ ኋላ ተመልሰው አንድ ትዕይንት ይጨምሩለት።

5. ሁለቱም ሚዛን ሲደፉ ረቂቆቹን ከታሪኩ ያውጡና፣ እናቲቱ ክርኗን ድንጋዩ ላይ ካሳረፈች በኋላ አንድም ዓረፍተ ነገር አይጨምሩ።