«አንጎሉ ዝም ብሏል» ከማለታችሁ በፊት፦ የኢኢጂ ቆብ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሐዋሳ ውስጥ ፊዚዮቴራፒ እሠራለሁ። ከስትሮክ በኋላ እጃቸው አልታዘዝ ያላቸውን ሰዎች በኢኢጂ ቆብ፣ ማለትም ራስ ቆዳ ላይ በሚያርፉ ኤሌክትሮዶች (ምልክት መቀበያዎች) የአንጎልን የኤሌክትሪክ ምልክት በሚያነብ ቆብ፣ እየታገዝን እናለማምዳለን። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰውየው እጁን ለማንቀሳቀስ ሲሞክር ወይም ሲያስብ፣ «ሙ» የሚባለው ከ8 እስከ 13 ኸርዝ ያለው የአንጎል ሞገድ ዝቅ ይላል። ኮምፒውተሩ ይህን ሲያይ ሞተር ያለው ጓንት እጁን ያንቀሳቅስለታል። የቀኝ እጅ ከሆነ በግራ አንጎል በኩል ሲ3 የሚባለውን ነጥብ እናያለን፤ የግራ ከሆነ ሲ4ን።

ቆቡ ግን አመለኛ ነው። ቤተሰቡን ከማስደንገጣችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ሁሉ ወፍሮ ጠቆረ

የመብራት ረብሻ ነው። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው። የአንጎል ምልክት ደግሞ በማይክሮቮልት የሚለካ ሚጢጢ ነገር ስለሆነ ይዋጣል። ቻርጀሩን ንቀሉና ላፕቶፑን በባትሪ አሠሩት። ሞባይል አርቁ። የሚገርመው፣ እስከዛሬ ካየሁት ሁሉ የጠራው ምልክት ሰፈሩ መብራት በጠፋበት ቀን የመጣው ነው! አሁንም ካልጠራ ግራውንዱንና ሪፈረንሱን (ሌሎቹ ሁሉ የሚለኩባቸውን የጋራ ኤሌክትሮዶች) እንደገና አያይዙ። እነሱ ከላሉ ሁሉም ይበላሻል። የተበላሸው አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ጥፋቱ እዚያው ኤሌክትሮድ ሥር ነው።

ኤሌክትሮዱ አልይዝ አለ

ማኑዋሉ «ቆዳውን አጽዱ» ይላል እንጂ ስለ ቅቤ ትንፍሽ አይልም። ቅቤ የጠጣ ራስ ላይ ጄሉ ቆዳ አያገኝም፤ ኢምፒዳንሱም (ቆዳና ኤሌክትሮድ መሃል ምልክቱን የሚያግደው ተቃውሞ) ከ5 ኪሎ ኦም በታች አልወርድ ይላል። በዋዜማው ደውሉና «በሻምፑ ብቻ ይታጠቡ፣ ቅቤም ቅባትም አይቀቡ» በሉ።

ሹሩባውን ግን ፍቱት አትበሉ። አንዲት እናት ለበዓል ተሠርተው መጥተው «ይፍቱት» ብላቸው በሚቀጥለው ቀጠሮ ቀሩ። ጥፋቱ የኔ ነበር። አሁን በጉንጉኖቹ መሃል የሚታየውን ቆዳ በአልኮል እጠርጋለሁ። ካልሆነልኝ ሲ3 እና ሲ4 ላይ ያረፉትን አንድ ሁለት ጉንጉኖች ብቻ አስፈታለሁ። ጄሉን አታብዙ፤ ፈሶ ሁለት ኤሌክትሮዶችን ካገናኘ ሁለቱም አንድ ነገር ያነባሉ።

መስመሩ እንደ ሐይቅ ማዕበል ቀስ እያለ ይወዛወዛል

ላብ ነው። ጠዋት ቅጠሯቸው። ፋን ካለ ገመዱን እንዳያወዛውዝ ፊቱን አዙሩት።

ሁሉም ጠርቷል፣ ሙ ግን አይወርድም

አንድ ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐይቁ ላይ መረብ የጣሉ ናቸው። «እጅዎን ሲያንቀሳቅሱ ያስቡ» ስላቸው ያስባሉ፤ ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ለካ እጃቸውን እንደ ፊልም እያዩት ኖሯል። የምንፈልገው እንዲያዩት ሳይሆን እንዲሰማቸው ነው። «እርጥቡን መረብ ሲጎትቱ ጣትዎ ላይ የሚመጣው ክብደት ይሰማዎት» አልኩ። እሱንም ልጃቸው በሲዳሙ አፎ ደገመችላቸው። ሲ3 ያኔ ወረደ። የግራ አንጎል ስትሮክ ቋንቋ መረዳትንም ሊያውክ ይችላል። ስለዚህ ትዕዛዙ አጭር፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሁን።

ይህም ካልሠራ ጉዳቱ ራሱ ያንን ወገን ዝም አሰኝቶት ሊሆን ይችላል። ሌላውን ወገን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ የፈቀደው ኢፕሲሃንድ የሚባለው መሣሪያ የሚያነበው ካልተጎዳው ወገን ነው። ሙው ከጤናው ጀምሮ ደካማ የሆነ ሰውም አለ፤ እሱን በተራው ልምምድ ቀጥሉበት።

ጓንቱ ያለማቋረጥ ይሠራል

ደስ አይበላችሁ፣ መንጋጋውን እዩ። ሰው ሲታገል ጥርሱን ይነክሳል። የጡንቻው ምልክት ከአንጎሉ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ኮምፒውተሩን ያሳስተዋል። ጆሮ አጠገብ ያሉት መስመሮች ከተንጨፈረሩ እሱ ነው። እንዲህ ከቀጠለ የምታለማምዱት ጥርስ ነው ማለት ነው። ከንፈራቸውን ገርበብ ያድርጉ፣ ደህናው እጅም ጭናቸው ላይ ይረፍ።

ድንገት ፊት ከተጣመመ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ እጅ ወይም እግር እንደ አዲስ ከዛለ ወይም መንቀጥቀጥ ከጀመረ

ይህ የቆብ ችግር አይደለም። ቆቡን አውልቁ፣ የጀመረበትን ሰዓት ጻፉ፣ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።