በዮሪኪሪ ስልት ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ሱሞ በተባለው የጃፓን ባህላዊ ትግል፣ የጃፓን ሱሞ ማኅበር በይፋ ከሚቀበላቸው 82 የማሸነፊያ ስልቶች መካከል ዮሪኪሪ በውድድሮች ደጋግመው ከሚታዩት አንዱ ነው። ቀላል ስለሚመስልም ብዙዎች ይሳሳቱበታል።

የመጀመሪያው ስህተት ከስሙ ይነሳል። «ዮሪ» መጠጋትን፣ «ኪሪ» ደግሞ ነገርን እስከ ፍጻሜው ማድረስን ያመለክታል፤ ስለዚህ ስልቱ አብዛኛውን ጊዜ ማዋሺ የተባለውን የተጋጣሚ መታጠቂያ እንደያዙ፣ ደረት ለደረት ተጣብቆ ባላጋራን ከመታገያው ክብ ማስወጣት ነው። ሳይጣበቁ በመዳፍ ገፍቶ ማስወጣት ኦሺዳሺ ይባላል፤ ተጣብቆ የተገፋው ታጋይ ድንበሩ ላይ ከወደቀ ስልቱ ዮሪታኦሺ ይሆናል። ሦስቱንም «ገፍቶ አስወጣው» ብሎ ማለፍ ሥራው እንዴት እንደተሠራ አለማየት ነው።

ሁለተኛው ስህተት ክንድን ማመን ነው። ጀማሪ ታጋይ መታጠቂያውን እንደጨበጠ ባላጋራውን በጡንቻው ሊጎትት ይሞክራል፤ በዚህ መሃል ወገቡ ቀና ስለሚል ከበታቹ ለሚገባ ሰው ይጋለጣል። የእጅ ተግባር ባላጋራን አጣብቆ መያዝ ሲሆን፣ የሚገፋው፣ ጉልበቶች ታጥፈው ዝቅ ያለው ዳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 የቶኪዮውን ውድድር ያሸነፈው ኮቶሾጊኩ ጋቡሪዮሪ በተባለው፣ በሆድና በዳሌ ደጋግሞ እየገጩ ወደፊት በመሄድ ስልት ይታወቅ ነበር። ይህን የክብደት ውጤት አድርገው የሚያዩት አሉ፤ እኔ ግን የጉልበቱን መታጠፍ ሳላይ ሆዱን አላደንቅም።

እግርን አንስቶ መራመድም ስህተት ነው፤ እግር ሱሪአሺ በሚባለው ስልት መሬቱን እየዳሰሰ መንሸራተት አለበት።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ድንበር ላይ መቸኮል ነው። ክቡ 4.55 ሜትር ስፋት ስላለው ድሉ እጅግ የቀረበ ይመስላል፤ ነገር ግን በዙሪያው የተቀበሩት የገለባ ጥቅሎች ከመሬቱ ትንሽ ከፍ ስለሚሉ ተገፊው ተረከዙን አስደግፎባቸው፣ ወደኋላ ተለጥጦና ተጠማዝዞ አጥቂውን ሊወረውረው ይችላል። ይህ ኡትቻሪ ይባላል። አጥቂው ደረቱን ካላላቀቀና ዳሌውን ካወረደ ግን ለመጠማዘዝ የሚሆን ክፍተት አይገኝም። የቸኮለው አጥቂ ራሱ ቀድሞ ከክቡ ከወጣ ደግሞ ኢሳሚያሺ ተብሎ ይሸነፋል፤ ጃፓኖች ቃሉን በዕለት ንግግራቸውም በጋለ ስሜት ከልክ ማለፍን ለመግለጽ ይጠቀሙበታል። ከክቡ ውጭ የተደላደለው ደቃቅ አሸዋ ቀድሞ የነካውን እግር አሻራ ይይዛልና ክርክር ሲነሳ ዳኞቹ የሚያዩት እሱን ነው።