ፎቶው ለምን ብለር ሆነ? ምልክቱን አይታችሁ ምክንያቱን ያዙ

ፎቶ ብለር ሲሆንባችሁ (ሲደበዝዝባችሁ) ቶሎ ካሜራውን አትውቀሱ፣ መጀመሪያ ፎቶውን ዙም አድርጋችሁ እዩት። ደሴም ኮምቦልቻም ሰርግና ምርቃት የሚያነሱ ልጆች ለዚህ ብለው አዲስ ሌንስ ሊገዙ ብር ሲያጠራቅሙ አያለሁ፣ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእጅ መንቀጥቀጥ ነው፣ እሱ ደግሞ ያለ ብር ይስተካከላል።

ሰውየውም ግድግዳውም ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጎተተ፣ አምፖሎቹ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ጭረት ከሆኑ፣ ካሜራው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ከኋላ ያለው ጥርት ብሎ እስክስታ የምትመታዋ ልጅ ብቻ ከተደበዘዘች ግን የተንቀሳቀሰችው እሷ ናት፣ እዚህ ጋ ትራይፖድ (ባለ ሶስት እግር ማቆሚያ) ምንም አያደርግላችሁም፣ ሹተር ስፒዱን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ (ሹተሩ) ክፍት የሚቆይበትን ጊዜ፣ ወደ 1/250 ወይ 1/500 ሰከንድ ማፍጠን ነው። ፊቱ ደብዝዞ ከኋላ ያለው አጥር ከጠራ ፎከሱ ሰውየውን ስቶ አጥሩ ላይ አርፏል። ሁሉም ነገር ጉም የለበሰ ከመሰለ ደግሞ ሌንሱን ጥረጉት፣ በተለይ ስልክ፣ ኪስ ውስጥ ውሎ በጣት ቅባት ይሸፈናል። የደሴ ብርድ ውስጥ ቆይታችሁ ሞቅ ያለ ቤት ስትገቡም ሌንሱ ላብ ይይዛል፣ ትንሽ ጠብቁት።

እንግዲህ ካሜራው ነው የተንቀሳቀሰው እንበል። ለምን? ብርሃን አንሶ ሹተሩ ረጅም ሰዓት ክፍት ስለሚቆይ ነው። ላሊበላ ሄዳችሁ ቤተ ማርያም ውስጥ ብታነሱ መስኮቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ ውጪ ያለው ፀሐይ እዛ አይደርስም፣ ካሜራውን አውቶ ላይ ከተዋችሁት 1/15 ላይ ሊወርድ ይችላል፣ በዛ ፍጥነት ደግሞ እጅ ዝም አይልም። ፍላሽ መፍትሄ እንዳይመስላችሁ፣ የድሮ ሥዕሎች ያሉበት ቦታ ነው፣ የሚጸልይ ሰውም አለ፣ ተዉት።

መለኪያው ቀላል ነው፣ የሌንሱ ሚሊሜትር ስንት ነው? 50 ከሆነ ሹተሩ ከ1/50 አይውረድ። ክሮፕ ሴንሰር ካሜራ (ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ አነስ ያለ) ላይ ደግሞ በኒከን በ1.5 በካኖን በ1.6 አባዙት፣ ስለዚህ በካኖን 50ው 1/80 ይሆናል፣ 200ው ደግሞ 1/320። ቲቪ (Tv፣ በካኖን) ወይም ኤስ (S፣ በኒከን) የሚለው ሞድ ላይ አድርጋችሁ ሹተሩን ራሳችሁ ያዙት።

ብርሃኑ ከየት ይምጣ ካላችሁ አይኤስኦ (ISO፣ ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ጨምሩ። ብዙ ሰው ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚታይ እንደ አሸዋ ያለ ነጠብጣብ) ፈርቶ 400 ላይ ይቀመጣል፣ ከ400 ወደ 3200 ብታወጡት ግን 1/15 የነበረው ወደ 1/125 ይመጣል፣ ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው! ኖይዝ ያለው ፎቶ ታትሞ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ የተንቀጠቀጠውን ግን ማንም ኤዲተር ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። ሌላው ደግሞ ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስ ያላችሁ ልጆች፣ ጨለማ ቦታ ዙም አታድርጉ፣ 18 ላይ አድርጋችሁ በእግራችሁ ቅረቡ፣ 55 ላይ የሌንሱ ቀዳዳ ቢበዛ ኤፍ 5.6 ነው የሚከፈተው (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ 18 ላይ ግን 3.5 ስለሆነ ከእጥፍ በላይ ብርሃን ይገባል፣ መንቀጥቀጡም አጉልቶ አይታይም።

አያያዝ፦ ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ ለጥፉ፣ ግራ እጅ ከሌንሱ ስር ይግባ፣ ትንፋሻችሁን አውጡና ቁልፉን ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑ እንጂ አትምቱት። ምሰሶ ወይ ግድግዳ ካለ ተደገፉ። ሶስት አራት አከታትላችሁ አንሱ፣ መሀል ያለው ብዙ ጊዜ ይጠራል፣ ምክንያቱም ጣት ካሜራውን የሚያናውጠው ሲጫንና ሲለቅ ነው።

መኪና ውስጥ ሆናችሁ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ የምታነሱ ከሆነ ግን መደገፍ ጠላታችሁ ነው፣ መስኮቱም በሩም የሞተሩን ንዝረት ወደ ክንዳችሁ ያመጣል። ክንዳችሁን አንሱት፣ 1/1000 ላይ አድርጉት።

በስልክ የምታነሱ፣ የማታ ሞድ ጥሩ ነው ግን ለሰከንዶች ያህል ብርሃን ይሰበስባል፣ እስኪጨርስ ድረስ አትነቃነቁ። የገና ሌሊት ላሊበላ ላይ ጧፍ የያዘ ሕዝብ ሲተራመስ ግን ይሄ ሞድ ሰዉን ጥላ ያስመስለዋል፣ የቆመ ሰው ምረጡ፣ ወይም ሞዱን አጥፉት።

ትራይፖድ ላይ ሆኖም ከተደበዘዘ፦ ሐይቅ ዳር ንፋስ ካለ የመሀሉን ዘንግ አታውጡ፣ ቦርሳችሁን ከስሩ አንጠልጥሉ፣ በእጅ ከመጫን የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ። የሌንሱንም ስታቢላይዘር (መንቀጥቀጥ የሚቀንሰውን) አጥፉት፣ በተለይ የቆዩት ሌንሶች ላይ ካሜራው ዝም ብሎ ቆሞ እያለ እሱ ራሱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።