ክፍልፋይንና አስርዮሽን ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ማስተማር

ክፍልፋይን ለማስተማር የተለመደው መንገድ ክብ ሥሎ መከፋፈልና ቀለም የተቀባውን ክፍል ማስቆጠር ነው። ለመግቢያ ያህል አይከፋም። ተማሪው ከዚያ ካላለፈ ግን 3/4 ለእርሱ ከአራቱ ክፍሎች ሦስቱ የተቀቡበት ሥዕል ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ እንደ 5 ወይም እንደ 12 የራሱ መጠን ያለው ቁጥር መሆኑ አይታየውም። 5/4 ሲመጣበትም ከአራት ክፍል አምስቱን እንዴት እንደሚቀባ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ መምህሩ ከመጀመሪያው ትምህርት አንሥቶ ክፍልፋይ ቁጥር እንደሆነ፣ አስርዮሽም የዚያው ቁጥር ሌላ አጻጻፍ እንደሆነ ለማስጨበጥ ማሰብ አለበት።

ለዚህ ከክብ ይልቅ እኩል ርዝመት ያላቸው ጠባብ የወረቀት ቁራጮች ይመረጣሉ። እያንዳንዱ ተማሪ አንዱን ቁራጭ ሳያጥፍ ያስቀምጥ፤ ሌሎቹን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜና ሦስት ጊዜ እኩል ለእኩል ይጠፍ። ሦስት ጊዜ የታጠፈው ከመዘርጋቱ በፊት ስንት ክፍል እንደሚወጣው ቢጠየቁ 6 የሚሉ አይጠፉም፤ ዘርግተው ሲቆጥሩ 8 ያገኛሉ። ቁራጮቹን አንዱን ከሌላው ሥር ሲደረድሩ 1/2፣ 2/4 እና 4/8 አንድ ርዝመት እንዳላቸው ራሳቸው ያያሉ፤ አቻ ክፍልፋይ የሚለው ስም ከዚህ በኋላ ቢነገራቸው ይበቃል። ሆን ተብሎ እኩል ያልተከፈለ ቁራጭ ማሳየትና «ይህ አንድ አራተኛ ነው?» ብሎ መጠየቅም ጠቃሚ ነው።

ቀጥሎ 1/4ን እንደ መቁጠሪያ ይዘው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቁጠሩ፦ አንድ አራተኛ፣ ሁለት አራተኛ፣ ሦስት አራተኛ፣ አራት አራተኛ፣ አምስት አራተኛ። አንድ ሙሉ ላይ ሲደርሱ ማስቆም አይገባም። በዚህ አቆጣጠር ታህት (ከሥር ያለው ቁጥር) የክፍሉን መጠን፣ ላዕል (ከላይ ያለው) ደግሞ የክፍሎቹን ብዛት እንደሚናገር ይገባቸዋል። «8 ከ4 ስለሚበልጥ 1/8 ከ1/4 ይበልጣል» የሚለው ስሕተትም ሁለቱን ቁራጮች ጎን ለጎን በማስቀመጥ ይታረማል።

ቁራጮቹ የቁጥር መስመር ለመሥራትም ያገለግላሉ። ተማሪዎች ከ0 እስከ 2 የሚደርስ መስመር ሠርተው 1/2ን፣ 3/4ንና 5/4ን በየቦታቸው ያስቀምጡ። ብዙዎቹ በምልክቶቹ መካከል ያለውን ርቀት ትተው ምልክቶቹን ስለሚቆጥሩና 0ን እንደ መጀመሪያ ስለሚወስዱ፣ መምህሩ እየተዘዋወረ ማየት ያለበት ይህንን ነው።

መደመር ላይ የሚታወቀው ስሕተት 1/2 + 1/3 = 2/5 ነው። ደንቡን ወዲያው ከመንገር ይልቅ 2/5 ከ1/2 ይበልጥ ወይም ያንስ እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል፤ ተማሪው ጨምሮበት ሳለ ቁጥሩ እንዳነሰ ሲያይ መልሱን ራሱ ይጥለዋል። ከዚያ ሁለቱንም ወደ ስድስተኛ ለውጦ 3/6 + 2/6 = 5/6 ሲያገኝ የጋራ ታህት ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባዋል።

ወደ አስርዮሽ መሻገር የሚገባው አስረኛና መቶኛ እንደ ክፍልፋይ ከታወቁ በኋላ ነው። በ10 ረድፍና በ10 ዓምድ የተከፈለ ካሬ ተመራጭ መሣሪያ ነው፤ አንዱ ዓምድ 0.1፣ አንዷ ትንሽ ካሬ 0.01 ትሆናለች። አራት ዓምድ የቀባ ተማሪ 40 ትናንሽ ካሬዎችን ስለቀባ 0.4 እና 0.40 እኩል መሆናቸውን፣ 0.04 ግን ፈጽሞ ሌላ መሆኑን ከዚያው ያነባል።

ማነጻጸር ላይ ረዘም ያለ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል፤ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች አሉና። አንዳንዱ ተማሪ ከነጥቡ ቀጥሎ ያለውን እንደ ሙሉ ቁጥር ስለሚያነብ 0.35 ከ0.4 ይበልጣል ይላል። ሌላው ደግሞ መቶኛ ከአስረኛ እንደሚያንስ ስለሰማ ብዙ አሃዝ ያለው ሁልጊዜ ያንሳል ብሎ 0.6 ከ0.73 ይበልጣል ይላል። ይህኛው ተማሪ የመጀመሪያውን ጥያቄ በትክክል ስለሚመልስ በአንድ ጥያቄ ብቻ አይታወቅም፤ ሁለቱም ጥንዶች አብረው መጠየቅ አለባቸው። ለሁለቱም መድኃኒቱ በካሬው ላይ ቀብቶ ማወዳደር ነው። 0.7 + 0.5 = 0.12 የሚለውም ምንጩ ከነጥቡ ቀጥሎ ያለውን እንደ ሙሉ ቁጥር ማንበብ ነው፤ ተማሪው 12 አስረኛ ማለት አንድ ሙሉና ሁለት አስረኛ መሆኑን በዓምድ ቆጥሮ ሲያይ 1.2 ብሎ ይጽፋል። ማባዛትና ማካፈል ይህ እስኪጸና ድረስ ይቆዩ።

በመጨረሻ ያንኑ ካሬ ይዘው ክፍልፋይን ወደ አስርዮሽ ይለውጡ። 1/4 ሲባል 25 ትናንሽ ካሬ ይደርሳል፤ ስለዚህ 0.25 ነው። 1/3 ግን እንቢ ይላል፦ ለሦስት ሲከፈል 33፣ 33፣ 33 ሆኖ አንዲት ካሬ ትተርፋለች፤ እርሷንም ለአስር ከፍለው ለሦስት ሲያካፍሉ እንደገና አንድ ይተርፋል። ተማሪዎቹ ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ በእጃቸው ከሠሩት በኋላ 0.333… ሲጻፍ ሦስት ነጥቦቹ ምን እንደሚሉ ማስረዳት አያስቸግርም።