ለታሪካዊ አውሮፕላኖች የሚሆን ዘላቂ የሙዚየም ሕንጻ አነዳደፍ

የንድፉ ሥራ የሚጀምረው ከአውሮፕላኖቹ ዝርዝር ነው። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ያለውን ስፋት፣ የጅራቱን ከፍታ፣ በየጎማው ላይ የሚያርፈውን ክብደትና አካሉ የተሠራበትን ቁስ ለይተው ይመዝግቡ። ቀጥሎም ሊታደስ የሚችል አሮጌ ሃንጋር (የአውሮፕላን ማቆያ አዳራሽ) መኖር አለመኖሩን ያጣሩ፤ ብረትና ሲሚንቶ ሲመረቱ ብዙ ካርቦን ስለሚለቀቅ፣ የቆመን ምሰሶና ጣሪያ ማዳን በእኔ እምነት ከፀሐይ ኃይል ማመንጫም በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ቁም ነገር ነው።

ትልቁ ጉዳይ እርጥበት ነው። አሉሚኒየም ብርድ አይጎዳውም፤ የሚበላው እርጥበት ነው። ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ባደረ ክንፍ ላይ ጠዋት ሞቃትና እርጥብ አየር ሲደርስ ጤዛ ይቋጥራል፤ ጠብታው ቆርቆሮዎቹን በሚያያይዙት ምስማር መሰል ማጣበቂያ ብረቶች (ሪቬቶች) መስመር ወርዶ በቆርቆሮዎቹ መጋጠሚያ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከዓመታት በኋላ በሪቬቱ ራስ ዙሪያ ቀለሙ ያብጥና ሲነካ ነጭ ዱቄት ይረግፋል። ይህን ጉዳት ለመከላከል ያን ሁሉ ሰፊ አዳራሽ ማሞቅ አያስፈልግም፤ አየር በማያሾልክ ግድግዳና ጣሪያ ዘግቶ እርጥበቱን ብቻ በመምጠጫ መሣሪያ ማውረድ ይበቃል። ለብረታ ብረት አካላት አንጻራዊው እርጥበት (አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው እንፋሎት የያዘው ድርሻ) ከ50 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ዋናው የኃይል ቁጠባም የሚገኘው እዚሁ ላይ ነው። የእንጨትና የሸራ አውሮፕላኖች ግን ከልክ በላይ ሲደርቁ እንጨታቸው ይሰነጠቃል፣ በማጣበቂያ የተያያዘው መጋጠሚያቸውም ይላቀቃል፤ ስለዚህ በአዳራሹ ውስጥ ከ45 እስከ 55 በመቶ ባለው የተረጋጋ እርጥበት የሚጠበቅ አነስተኛ ክፍል ይሥሩላቸው።

አየር በብዛት የሚያሾልከው ግዙፉ በር ነው። በሙዚየም የተቀመጠ አውሮፕላን የሚወጣው ከስንት አንዴ ስለሆነ፣ ተንሸራታች በር የግድ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ በዳክስፎርድ በ1997 እ.ኤ.አ. የተከፈተውና የኖርማን ፎስተር ድርጅት የነደፈው የአሜሪካ አየር ሙዚየም፣ 56 ሜትር የክንፍ ስፋት ያለውን ቢ-52 የተባለ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን እንዲይዝ 90 ሜትር ያህል በሚዘረጋ የኮንክሪት ቅስት ጣሪያ ተሠርቷል፤ ፊቱን የሚዘጋው የመስታወት ግድግዳም አውሮፕላን ማስወጣት ሲያስፈልግ ይነቀላል። መስታወት ሲበዛ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ሸራን ያሳሳል፣ ጎማን ይሰነጥቃል፣ የአብራሪውን ክፍል ግልጽ ክዳንም ያደበዝዛል። የቀን ብርሃን ፀሐይ በቀጥታ ከማትገባበት አቅጣጫ በማጣሪያ ይግባ፤ ለሸራ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ ይበቃል።

ወለሉ አውሮፕላን የሚነሳበትን ክሪክ ጫና የሚችል፣ ዘይት የማይመጥ ኮንክሪት ይሁን። አሮጌ ሞተር ዘይቱ ከተቀዳለትም በኋላ ማንጠባጠቡ ስለማይቀር ከሥሩ ትሪ ይቀመጥ። ነዳጅ ጋኖቹ ባዶ ከሆኑ፣ አፈርና ውኃን ለረጅም ጊዜ የሚበክለውን ፍሎሪን ያለበት የእሳት ማጥፊያ አረፋ ትቶ ውኃ የሚረጭ ሥርዓት መዘርጋት ይቻላል።

በቀድሞ አውሮፕላኖች የመለኪያ ሰሌዳ ላይ የሚገኘው በጨለማ እንዲያበራ የተቀባ፣ ጨረር የሚያመነጭ የራዲየም ቀለም ራዶን የተባለ ጨረር አመንጪ ጋዝ ስለሚያወጣና ጋዙም በጥብቅ በተዘጋ ስፍራ ስለሚጠራቀም፣ ለኮክፒቶቹ (ለአብራሪ ክፍሎቹ) እና ለዕቃ ግምጃ ቤቱ የተለየ የአየር ማስወጫ ያዘጋጁ። የእርጥበት መለኪያዎችንም በክንፎች ሥርና በኮክፒቶች ውስጥ ጭምር ያኑሩ፤ በአዳራሹ መሐል የተሰቀለ መለኪያ በቀዘቀዘ ቆርቆሮ ላይ የሚቋጥረውን ጤዛ ሊያሳይ አይችልም።