ለኪቦርዳችሁ አንድ ቁልፍና አንድ መብራት መጨመር፦ የፒን አያያዝ በኪውኤምኬ

ፕሮ ማይክሮ (ኤቲሜጋ32ዩ4 ቺፕ ያለባት ትንሽ መቆጣጠሪያ ቦርድ) በተገጠመለት ኪቦርድ ላይ ወደ አማርኛው ሌየር (ቁልፎቹ ሌላ ፊደል ወደሚሰጡበት ድርድር) የሚያሻግር ቁልፍና መሻገሩን የሚያሳይ ቀይ ኤልኢዲ ለመጨመር ባለ ሁለት እግር ቁልፍ፣ 470 ኦም ሬዚስተርና ቀጭን ሽቦ ይበቃል። ከኮዬ ፈጬ መርካቶ ድረስ ለአንዲት ሬዚስተር መመላለስ አያዋጣምና ከየዓይነቱ አምስት አምስት ግዙ።

ቦርዱ ላይ 9 የተጻፈበት ቀዳዳ (ፒን) በኪውኤምኬ፣ ማለትም ቺፑ ላይ ተጭኖ ኪቦርዱን በሚያሠራው ፊርምዌር፣ ቢ5 ነው፤ 10 ደግሞ ቢ6። ለረድፍ ወይም ለዓምድ አለመያዛቸውን የኪቦርዱ ቅንብር በተጻፈበት የጄሰን ፋይል አረጋግጡ። ቁልፉን ከቢ5 ወደ ግራውንድ (0 ቮልት) በይዱ። የኤልኢዲው ረጅም እግር በሬዚስተሩ በኩል ወደ ቢ6፣ አጭሩ ወደ ግራውንድ ይሄዳል። ከ5 ቮልቱ ኤልኢዲው 2 ያህሉን ይወስዳል፤ የቀረው 3 ቮልት ለ470 ሲካፈል 6 ሚሊአምፒር ገደማ ነው፣ ለፒኑ አይከብደውም።

መብራት ጠፍቶ መበየጃው ካልሠራ ላፕቶፑ እስካለ ድረስ ኮዱን ቦርዱ ላይ ባለው የዲ5 መብራት ሞክሩት። እሱ ግን ተገልብጦ የተሠራ ነው፤ የሚበራው 0 ሲጻፍለት ነው።

ኪቦርዱ ሲነሳ አንዴ በሚጠራው ፈንክሽን ውስጥ ቢ6ን አውትፑት፣ ቢ5ን «ኢንፑት ሃይ» አድርጉ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህችን «ሃይ» ነው። እንዲሁ ኢንፑት የተባለ ፒን ይዋልላል፤ እጅ ሲጠጋው እንኳ 0 እና 1 እያለ ይቀያየራል። «ሃይ» ሲባል ግን ቺፑ ውስጥ ያለው ከ20 እስከ 50 ኪሎኦም የሚደርስ ሬዚስተር ወደ 5 ቮልት ይስበዋል። ንባቡም የተገላቢጦሽ ይሆናል፦ ሲለቀቅ 1፣ ሲጫን 0። ወደ ታች የሚስበው «ኢንፑት ሎው» በዚህ ቺፕ የለም። አርፒ2040 የተባለው ሌላ ቺፕ አለው፣ ግን የእሱ ፒኖች 3.3 ቮልት ናቸውና 5 ቮልት አታስነኩት።

ቁልፍ ሲጫን የሚፈጠረውን መንቀጥቀጥ የሚያጣራው የፊርምዌሩ የ5 ሚሊሰከንድ ማጣሪያ ለማትሪክሱ (በረድፍና በዓምድ ለተያያዙት) ቁልፎች እንጂ ራሳችሁ ለምታነቡት ፒን አይደርስም። ስለዚህ ለውጡን የምትቀበሉት ያን ያህል ጊዜ ሳይናወጥ ሲቆይ ብቻ ይሁን፤ አለዚያ አንድ ጭነት ሁለት ይቆጠርና ሌየሩ በርቶ ወዲያው ይጠፋል።

ኤልኢዲውን የምታዙት ሌየር ሲቀየር በሚጠራው ፈንክሽን ነው። እዚያ ውስጥ ለፈንክሽኑ የተሰጠውን አዲሱን «ስቴት» ተመልከቱ፤ የሌየሩን ሁኔታ የያዘው ዋናው ተለዋዋጭ በዚያች ቅጽበት ገና አሮጌውን እንደያዘ ነው፣ እሱን ከጠየቃችሁ መብራቱ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይቀራል።

ኪቦርዱ የሚያውቀው የራሱን ሌየር እንጂ የኮምፒውተሩን ቋንቋ አይደለም። ሁለት ቋንቋ በተጫነበት ዊንዶውስ ላይ ቁልፉ የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን አብሮ እንዲልክ አድርጉ። ያኔም ቢሆን ቋንቋውን በማውስ የቀየረ ሰው ካለ ኤልኢዲው ይዋሻል።