በጣና ደሴት ሲመደቡ፦ ከነዋሪው ተራ ገብቶ ስለ መኖር

መምህር፣ የጤና ባለሙያ ወይም የግብርና ሠራተኛ ሆኖ በጣና ሐይቅ ላይ ወዳለ ደሴት የሚመደብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው ለሚጎድለው ነገር ነው፤ ባትሪና ሻማ ይገዛል፣ መድኃኒት ይይዛል፣ ስልኩ ላይ ፊልም ይጭናል። ይህ ዝግጅት አይከፋም። በደቅ ደሴት በመምህርነት በቆየሁባቸው ዓመታት ያየሁት ግን አዲስ መጤን ቶሎ ዝውውር የሚያስጠይቀው ከዕቃ እጦት ይልቅ ፈላጊ ማጣት መሆኑን ነው። ሲመሽ በሩን የሚያንኳኳ፣ ሲቀር «ምነው ቀረ?» የሚል ከሌለ ያ ሁሉ የሐይቁ ውበት በሦስት ወር ውስጥ ይሰለቻል። ስለዚህ ዋናው ሥራዎ በተቻለ ፍጥነት ከነዋሪው ተራ ውስጥ መግባት ይሁን።

በጀልባው ይጀምሩ። ጣና ጠዋት ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ይበረታል፤ ስለዚህ ጉዞዎን በማለዳ ያድርጉ፣ ጀልባ ነጂው «ዛሬ አንሄድም» ካለም አይከራከሩት። ወደ ባሕር ዳር በሚሻገሩበት ቀን ዋዜማ ደግሞ ጎረቤቶችዎን «የምትልኩኝ አለ?» ብለው ይጠይቁ። በመጀመሪያው ዓመቴ አንዲት አዛውንት ጎረቤቴ የዓይን ቅባት እንዳመጣላቸው ባዶውን ቱቦ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ እኔ ግን ለራሴ ጉዳይ ስሯሯጥ ኪሴ ውስጥ ረስቼው ተመለስሁ። ዳር ቆመው ሲጠብቁኝ ሳይ የምገባበት ጠፋኝ። እርሳቸው «አይዞህ ልጄ፣ ጀልባው ሌላም ቀን ይሄዳል» ብለው ያንኑ ጨርቅ መልሰው በእጄ አኖሩልኝ። ከዚያ በኋላ ደብተር ያዝሁ፤ በግራ ስም፣ በመካከል ዕቃው፣ በቀኝ የተሰጠኝ ብርና መልሱ ይጻፍበታል። መልሱን እስከ ሳንቲሙ ቆጥሬ ከደረሰኝ ጋር ማስረከቤ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ከማስተማሬ ይልቅ ከብዙ ቤት ጋር አስተዋወቀኝ ብል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ ለሰው መላላክ ብቻውን አይበቃም፤ እርስዎም ሰው ያስቸግሩ። የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለሁሉ ይሰጣል፣ ማንንም አይለምንም፣ በዚህም ጨዋ የሆነ ይመስለዋል። ነገር ግን የማይበደር ሰው እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ምጣድ ይዋሱ፣ እርሾ ይጠይቁ፣ ጣሪያዎ ሲያፈስ የጎረቤት ልጅ ይጥሩ፤ ብድሩን የሚመልሱበት ቀን ሩቅ አይሆንም። በመጀመሪያው ወር ዕድር ይግቡና መዋጮዎን ሳይጠየቁ ይክፈሉ፤ የመቃብር ጉድጓድ ሲቆፈርም ከሰው ኋላ ከመቆም አካፋ ይያዙ። እህል በደቦ ሲታጨድ እጅዎ ያልለመደ ቢሆን እንኳ ነዶ መሸከም አያቅትዎትም። ቡና ሲጠሩ አቦሉን ጠጥተው አይነሡ፤ እውነተኛው ወሬ የሚመጣው በቶናውና በበረካው ላይ ነው።

የቦታውን ታሪክ ማወቅም ከሰው ጋር ያግባባል። በደቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ያለውን ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት እቴጌ ምንትዋብ ሲሆኑ፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩበት ሥዕል እስከ ዛሬ አለ። ዓመታዊው ንግሥ ጥር 7 እና ሐምሌ 7 ነውና በእነዚህ ቀናት ከደሴቱ ባይወጡ ይመረጣል። በአቅራቢያው ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብንና ዐፄ ፋሲለደስን ጨምሮ የነገሥታት አስከሬን የሚገኝበት ገዳም ነው፤ ሴቶች ስለማይገቡበት፣ ሴት ባልደረቦች ይህን አስቀድመው ቢያውቁ ደርሰው ከመመለስ ይድናሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ጠብ ነው። በከተማ የተጣሉትን ሰው መንገድ ቀይሮ መሸሽ ይቻላል፤ በደሴት ግን ያው ሰው ነገ በጀልባ ከጎንዎ ይቀመጣል፣ ከነገ ወዲያ በለቅሶ ቤት ከፊትዎ ይሆናል። ስለዚህ ቅሬታ ሲሰማዎት ሳያሳድሩ ለባለቤቱ ብቻ ይንገሩ፤ ካልሆነም አንድ ሽማግሌ ይላኩ። ነገር አያመላልሱ። ስለ ሌላ ሰው ሲጠየቁ «እርሱን ራሱን ብንጠይቀው አይሻልም?» ማለት ይልመዱ። ይህን የለመደ ሰው ከጊዜ በኋላ ራሱ ለዕርቅ የሚጠራ ይሆናል፤ ከዚህ የበለጠ ክብር በደሴት ላይ አላየሁም።

ለብቻዎ የሚሆኑበት ጊዜም ያስፈልግዎታል፤ ለዚያ ሐይቁን የሚያህል ጓደኛ የለም። የሐይቁ ውኃ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ከፍ ይላል፣ በግንቦትና በሰኔ ይሸሻል። እኔና ተማሪዎቼ ዳርቻው ላይ ባለ አንድ ድንጋይ በየወሩ መጀመሪያ የውኃውን ልክ በቀለም እናሰምር ነበር፤ ልጆቹ መስመሩ ሲሰወር «ሸፈነው!» ብለው እየሮጡ ይመጡ ነበር። እርስዎም ነጭ አሣ በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞች የሚወጣበትን ጊዜ፣ የደንገሉን መብዛትና ማነስ፣ እምቦጭ አዲስ ቦታ ላይ ከታየም ያንን ይመዝግቡ። ታንኳ የሚሠራ ሰው ካገኙ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጠው ደንገሉ ደርቆ እንዴት እንደሚታሰር ይመልከቱ፤ ታንኳው ከሥራ በኋላ ከውኃ ወጥቶ ካልደረቀ ውኃ መጥጦ እንደሚከብድ የሚያስተምርዎት እርሱ ነው።

ክረምቱ ይረዝማል፤ ዝናቡና ማዕበሉ ጉዞውን ስለሚያስተጓጉሉ ከሰኔ በፊት የሚያነቡትንና የሚሠሩትን ያዘጋጁ። በሌላው ወራት በየሳምንቱ ወደ ከተማ መሄድ ሰውን ከደሴቱ ያርቃል፣ ጨርሶ አለመውጣት ደግሞ ያስመርራል፤ በወር አንድ ጊዜ ቀኑን ቆርጦ መውጣት ለእኔ ተስማምቶኛል።

ዝውውር ሲመጣልዎ ወሬውን መጀመሪያ ለዕድሩ ሰብሳቢ ይንገሩ፣ ያልተመለሰ ዕቃና ብር ካለ በየቤቱ ዞረው ይጨርሱ፤ የመልእክቱን ደብተር ከነባዶ ገጾቹ ለሚተካዎ ሰው ያስረክቡ።